የጠቆረው ቀዳዳ

ሉባባ ይመር በኮምቦልቻ የግድግዳ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥራ የምትሠራው ማየት ነበር። በየሰባት ደቂቃው አንድ የቀርከሃ ሰሌዳ ከማሽኑ ላይ ይነሳል፣ ሌላ ይተካል። በየሰባት ደቂቃው እሷም ቀኝ አውራ ጣቷን ፊቷ ያለው መስታወት ላይ አሳርፋ «አይቻለሁ» ትላለች። በቀን ስልሳ አራት ጊዜ። መስታወቱ አሻራዋንና ድምጿን ብቻ አይደለም የሚቀበለው፤ ዓይኗ ወዴት እንደሚዞርም ይከታተላል። በመስኮት በኩል ደመናውን ስታይ ከተገኘች ሰሌዳው አይወጣም፣ እንደገና እንድታይ ትጠየቃለች።

ዘመኑ 2068 ዓ.ም. ነው። ሕጉ የሰው ዓይን ያላረፈበት ሰሌዳ ማንም ቤት ላይ እንዳይገጠም ያዝዛል። እጅ እንዲያርፍበት ግን አያዝዝም፤ እንዲያውም ይከለክላል። ስለዚህ ተመልካቾቹ አሥራ ስድስቱም ከመስታወት ወዲህ ተቀምጠው፣ ከመስታወት ወዲያ ማሽኖቹ ይቆርጣሉ፣ ይበሳሉ፣ ይልጋሉ። የማሽኖቹን ሥራ የሚመራውን ሥርዓት ሠራተኛው «ሹሙ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሹሙም ተቃውሞ አላቀረበም።

ሉባባ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በወጣትነቷ ደሴ ውስጥ እንድሪስ የሚባሉ አናጺ ዘንድ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ያኔ በኮምፒውተር የሚታዘዘው ሲኤንሲ ማሽን ሰው የሚያሠራው ዕቃ ነበር። እሷ ፑንታውን፣ የመብሻውን ብረት፣ መርጣ ትገጥማለች፣ ፍጥነቱን ትወስናለች፣ ማሽኑ ይበሳል። ይኼን ለማንም አታወራም። ለማየት ሥራ አይጠቅምማ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እንዳባራ ነው።

ሉባባና ጎረቤቶቿ ወደ አዲሱ ሰፈር ከገቡ አራት ወራቸው ነበር። ከእሷ ጎን ያሉት ጋሽ ዋሴ መሪ ጨብጠው አውቶቡስ ከነዱት የመጨረሻዎቹ ሾፌሮች አንዱ ናቸው። ያን ቀን የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ሲወርድ ለማየት ወደ በረንዳቸው ወጡ፤ እንደ ልማዳቸው መደገፊያው ላይ ሁለት ክርናቸውን ጣሉ። መደገፊያው ሳይሰበር፣ ሳይንቋቋ፣ ከነቋሚዎቹ ተነቅሎ ሄደ። ጋሽ ዋሴም አብረው ሄዱ።

ሉባባ ድምፁን ሰምታ ስትወጣ ከአንደኛ ፎቅ ሥር ጭቃ ላይ ተቀምጠው ግራ ክንዳቸውን በቀኛቸው ይዘው አገኘቻቸው። ክንዱ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል።

«አይንቀሳቀሱ ጋሽ ዋሴ! አምቡላንሱ እየመጣ ነው።»

«ልብ በይ ሉባባ» አሉ፤ ከሕመሙ ይልቅ ግርምቱ በርትቶባቸዋል። «እኔ እኮ አልገፋሁትም። እንደ ላላ ጥርስ ነው እጄ ላይ የወጣው።»

አምቡላንሱ ከወሰዳቸው በኋላ ሉባባ ከጭቃው ውስጥ አንዱን የእንጨት ሚስማር አነሳች። መደገፊያውን ከወለሉ ጋር የሚያያይዙት እነዚህ እርሳስ የሚያክሉ የእንጨት ሚስማሮች ናቸው፤ ኮላ ተቀብተው ቀዳዳቸው ውስጥ ይገባሉ፣ ከዚያ ወዲያ ቀርከሃውን ሳይሰነጥቅ የሚያወጣቸው ነገር ሊኖር አይገባም ነበር። ይኼኛው ንጹሕ ሆኖ ወጥቷል። ኮላው ደርቆ ሚስማሩ ላይ እንደ ቅርፊት ቀርቷል፤ ቅርፊቱ ላይ ጥቁር ዱቄት አለ።

ወደ በረንዳው ወጥታ ባዶውን ቀዳዳ አየችው። ጥቁር ነው፣ ያብለጨልጫል። የጥፍሯን ጫፍ ስትከት እንደ ብርጭቆ ለሰለሰ። ስልኳን ቀዳዳው ላይ ስትደቅን የቤቱ መዝገብ ወዲያው መለሰ፦

«ቀዳዳ፣ ስምንት ሚሊ ሜትር። ልኬት ትክክል። ያየችው፦ ሉባባ ይመር።»

እዚያው በረንዳው ላይ ቁጭ አለች። ሁለተኛውን ቀዳዳ ጠየቀችው። ልኬት ትክክል፤ ያየችው ሉባባ ይመር። ሦስተኛውም እንዲሁ። ጎረቤቷን የጣለው መደገፊያ ላይ የራሷ ስም አሥራ ሁለት ጊዜ ተጽፏል።

ሰኞ ጠዋት ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፤ ለማየት ሳይሆን ለመስማት። መስታወቱ ሽታ አያሳልፍም፤ ድምፅ ግን ጥቂት ያሳልፋል። ድሮ፣ ማለትም እስከ ጥቅምት ድረስ፣ ማሽኑ የሰሌዳውን ጠርዝ በፍሬዛ፣ በጎኑ በሚቆርጠው ጥርሳም ብረት፣ ቆርጦ ሲጨርስ ይቆምና ፍሬዛውን አስቀምጦ ፑንታ ያነሳ ነበር። ፑንታው ትንሽ ይገባል፣ ይወጣል፣ ትንሽ ይገባል፣ ይወጣል፤ ግርር፣ ጸጥ፣ ግርር፣ ጸጥ። ከጥቅምት ወዲህ ግን መሣሪያ መቀየር ቀርቷል። ያው ጠርዝ የቆረጠው ፍሬዛ ቀዳዳው ውስጥ ይገባና እየተሽከረከረ ዙሪያውን ይፍቃል። ለአንድ ሰሌዳ አሥራ አንድ ሰከንድ ተርፏል ተብሎ ግድግዳው ላይ በደማቅ ፊደል ተለጥፎ ነበር፤ ተጨብጭቦለትም ነበር። ድምፁ አንድ ወጥ፣ ቀጭን ጩኸት ነው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰሌዳው ተነሳ። ሉባባ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ቀረች።

«ሉባባ ይመር፣ እባክዎ ያረጋግጡ» አለ መስታወቱ።

«አላየሁም።»

«ዓይንዎ ለሰባት ደቂቃ ሰሌዳው ላይ ነበር።»

«ላዩን ነው ያየሁት። ውስጡን አላየሁም።»

መስታወቱ እንዲህ ያለ መልስ አልለመደም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማሽኑ ቆመ፤ ቀጥሎ በግራዋና በቀኟ ያሉት ቆሙ። ተመልካቾቹ አንገታቸውን አዙረው አዩዋት። የአዳራሹ ጸጥታ ከማሽኖቹ ጩኸት በላይ ጆሮ ላይ ከበደ።

የፈረቃው ኃላፊ ሙሉሰው እየሮጠ መጣ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሰው አክባሪ፣ ግን ማሽን ሲቆም ፊቱ የሚገረጣ ልጅ።

«እትዬ ሉባባ፣ ምን ሆኑ? አመመዎት?»

«ደኅና ነኝ ሙሌ። ቀዳዳዎቹ ተቃጥለዋል። ኮላ አይዙም።» የእንጨት ሚስማሩን ከቦርሳዋ አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። የጋሽ ዋሴን መውደቅ በአጭሩ ነገረችው።

ሙሉሰው ሚስማሩን አገላብጦ አየው። «ሹሙ እኮ እያንዳንዱን ቀዳዳ በካሜራ ይለካል። አንዱም አልተሳሳተም።»

«ስፋቱን ነው የሚለካው። ስፋቱ ልክ ነው። ግድግዳው ነው የሞተው።»

«እትዬ ሉባባ...» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ እየተሠራ ያለው የእናቶች ማቆያው ነው። ከገጠር የሚመጡ ሃያ ስምንት ነፍሰ ጡሮች ተመዝግበው ይጠብቃሉ። ሐሙስ መገጠም አለበት። እምቢ ብለው በሦስት ሰዓት ውስጥ ካላስረዱ ደግሞ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ፤ ዓይንዎ ይሰረዛል።»

ታውቃለች። ዓይኑ የተሰረዘ ሰው ከሥራ መውጣቱ ቀላሉ ነው። ከዚያ ወዲያ በምንም ነገር ላይ ምስክር መሆን አይችልም፤ የቤት ውል ላይ አይፈርምም፣ የልጅ ልጁ የልደት ወረቀት ላይ ስሙ አይገባም፣ መንገድ ላይ የደረሰ አደጋ አይቶ ቢናገር ቃሉ አይመዘገብም። አየሁ ቢል ያላየ ነው። ሉባባ ከሁለት ዓመት በፊት ዓይኗ የተሰረዘ አንዲት የሥራ ባልደረባ ነበረቻት፤ አሁንም ገበያ ያገናኛቸዋል፤ ሴትዮዋ ስታወራ ሰው ሁሉ በትህትና ራሱን ነቅንቆ ያልፋል።

«መርማሪ ይጠራልኝ» አለች ሉባባ። «የተተዉት ፑንታዎችም ከመጋዘን ይምጡልኝ፤ እስካሁን ካልቀለጡ።»

መርማሪዋ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደረሰች። ኢንጂነር ናርዶስ ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት። የጋሽ ዋሴን አወዳደቅ ከሙሉሰው ሰማች፣ ሚስማሩን አየች፣ የካሜራውን መዝገብ አየች፣ ሉባባን አየች።

«መዝገቡ ላይ ስህተት የለም፤ ይኼን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ሊያሳዩኝ ነው?»

«ስምንት ቀዳዳ ሹሙ ይብሳ። ስምንት እኔ ልብሳ። ኮላ እንቀባ፣ ሚስማር እናስገባ፣ ውኃ ውስጥ እንንከር፣ ከዚያ እንሳበው። ሌላ ንግግር አያስፈልገንም።»

ናርዶስ ሰዓቷን አየች። ከዚያ የመስታወቱን በር ማኅተም በጣቷ ነካች። ማኅተሙ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አልተከፈተም ነበር።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ያረረ ቆሎ ይመስላል። ከኋላቸው ተመልካቾቹ አንድ በአንድ አፍንጫቸውን ሸፈኑ። ለሰባት ወር ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጠው ይኼን ሽታ ማንም አልሸተተውም። ናርዶስ ቆማ አየሩን ሳበች፤ ታብሌቷ ላይም የሆነ ነገር ጻፈች።

ሙሉሰው ለማቅለጫ የተቆለለውን ሣጥን ከመጋዘን ራሱ ተሸክሞ መጣ። ሉባባ ከውስጡ መሐሉ ላይ እሾህ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ቢላ ያለውን የስምንት ሚሊ ሜትር ፑንታ መረጠች። ስለቱን በጥፍሯ ፈተነች፤ ጥፍሯን ላጭቶ ወጣ። ማሽኑ ላይ ገጥማ ሳታመነታ አጠበቀችው። ራሷ ገረማት። ጣቶቿ ሥራውን ሳይነግሯት ይዘውት ኖረዋል።

«ይህ መሣሪያ በአገልግሎት ላይ አይደለም» አለ ሹሙ።

«ፍቀድ» አለች ናርዶስ።

ሉባባ ፍጥነቱን ከአሥራ ስምንት ሺህ ዙር ወደ ሦስት ሺህ አወረደችው። ከሰሌዳው ሥር ሌላ ጣውላ አስገባች።

«ይኼ ለምንድን ነው?»

«ፑንታው ከታች ሲወጣ ቀርከሃውን እንዳይገነጥለው። ይኸውልዎት ኢንጂነር፣ ፑንታ ወደ ታችና ወደ ላይ ብቻ ነው የሚያውቀው። ወደ ጎን ከገፉት ይሰበራል። ፍሬዛ ደግሞ ጎን ለጎን ለመቁረጥ የተሠራ ነው፤ ጥልቅ ቀዳዳ ውስጥ ሲከቱት ሰጋቱራው መውጫ ያጣል። እዚያው እየታሸ ይነዳል። የነደደ እንጨት ኮላ አይጠጣም።» ማሽኑ ሲነሳ ድምጿን ከፍ አደረገች፤ አክብሮቱንም ረሳችው። «አሁን ስሚ! ገባ፣ ወጣ። ሲወጣ ሰጋቱራውን ይዞ ነው የሚወጣው። አየሽ? ነጭ ነው።»

ከቀዳዳው አፍ ነጭ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ወጣ። ናርዶስ አንዱን በጣቷ አንስታ አሸተተችው። ጭድ ጭድ ይላል።

ሹሙ የራሱን ስምንት በሠላሳ ሁለት ሰከንድ ጨረሰ። ሉባባ አራት ደቂቃ ፈጀች። ካሜራው አሥራ ስድስቱን ለካ። የሹሙ ስምንቱም አረንጓዴ በሩ። ከሉባባ ሁለቱ ጠርዛቸው ፈትል ፈትል ስላለው፣ አንዱ ደግሞ ስለሰፋ፣ ቀይ በሩ። ከመስታወቱ ወዲያ አንድ ሰው ሲተነፍስ ተሰማ።

«ሦስቱ ወድቀዋል» አለች ናርዶስ።

«ሁለቱ አልወደቁም፤ ፈትሉ በአሸዋ ወረቀት ይሄዳል። ሦስተኛው ግን ጥፋቱ የኔ ነው። ለመጨረሻው ቀዳዳ ፑንታውን አውጥቼ ደግሜ ስገጥም መያዣው ውስጥ አቧራ ቀርቶ ነበር፤ አልጠረግሁም፤ ተንገዋለለብኝ። እሱንም አብረን እንሳበው።»

ኮላው በሙቀት መብራት ሥር አርባ ደቂቃ ያስፈልገዋል፤ ውኃው ደግሞ ግማሽ ሰዓት። ሁለቱ ሴቶች ባዶ የሰሌዳ ማቀፊያ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሙሉሰው ወዲያ ወዲህ ይል ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ናርዶስ። «ለውጡ የተደረገው ጥቅምት ላይ ነው። አሁን ግንቦት ነው። ለምን እስከዛሬ ዝም አሉ?»

ሉባባ ይኼን ጥያቄ ከእሑድ ጀምራ ራሷን ስትጠይቅ ነበር።

«ሰምቼዋለሁ እኮ» አለች። «ድምፁ በተለወጠበት ቀን ጆሮዬ ሰምቶታል። እዚህ የሚፈለገው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬን ማን ጠየቀኝ ብዬ ተውኩት። በየቀኑ ስልሳ አራት ጊዜ ተውኩት። ጋሽ ዋሴ የወደቁት በኔ ዝምታ ነው። ይኼን ይጻፉት።»

ናርዶስ አልጻፈችም። «ክንዳቸው እንዴት ነው?» አለች።

«ሁለት ቦታ ነው የተሰበረው። ትናንት ማታ ደውዬ ነበር። ሾፌር ሆኜ ሠላሳ ዓመት ሳልገለበጥ በረንዳ ገለበጠኝ ብለው ይስቃሉ።»

የተሰጣት ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሰባት ደቂቃ ሲቀር ሚስማሮቹ ከውኃ ወጡ። የመሳቢያው ማሽን የመጀመሪያውን የሹሙን ሚስማር ያዘ። ቁጥሩ ወደ ላይ ሄደ፤ ሃያ ኪሎ፣ ሠላሳ፣ አርባ። ሚስማሩ እንደ ጠርሙስ ቡሽ ጧ ብሎ ወጣ። ሁለተኛው በሠላሳ አምስት። ሦስተኛው ገና ሲያዝ ተነቀለ። ስምንቱም ውስጥ ሃምሳ ኪሎ የቻለ አልተገኘም።

ከዚያ የሉባባ ተራ ሆነ። መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ። ቀርከሃው አቃሰተ። ሦስት መቶ አሥር ላይ ተሰነጠቀ፤ ሚስማሩ የወጣው የቀርከሃውን ሥጋ ዙሪያውን ይዞ ነው። ካሜራው ቀይ ያበራባቸው ሁለቱም እንዲሁ ሆኑ። የሰፋው ቀዳዳ በመቶ ሃያ ለቀቀ።

«እንዳልኩዎት» አለች ሉባባ፤ ያን አንዱን ወደ ጎን ለይታ እያስቀመጠች።

ናርዶስ የተነቀሉትን ሚስማሮች ጠረጴዛው ላይ በሁለት ረድፍ ደረደረቻቸው። አንዱ ረድፍ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ።

«በዚህ ፍሬዛ የተበሳ ስንት ሕንፃ ወጥቷል?»

ሙሉሰው መዝገቡን ከፍቶ ቆጠረ። «ሠላሳ አንድ።»

«ሰው የገባበት?»

«ሁሉም።»

ናርዶስ ፊቷን ወደ ሹሙ ካሜራ አዞረች። «ሁሉም መስመር ይቁም። የጥቅምቱ ትእዛዝ ተሽሯል። በሠላሳ አንዱም ሕንፃ በረንዳ ላይ ዛሬውኑ ሰው እንዳይወጣ ይነገር።» ከዚያ ወደ ሉባባ ተመለሰች። «ዓይንዎ አይሰረዝም። ነገር ግን ከዚህ በፊት ያረጋገጡትን መሻር አይቻልም፤ ሕጉ መንገድ የለውም። ስምዎ እዚያው ይቆያል።»

«ይቆይ። ቀዳዳው ግን እንደዚያ መቆየት የለበትም።»

«የጥገና ክፍሉ ሰሌዳውን በሙሉ ነው የሚለውጠው። ለሠላሳ አንድ ሕንፃ ስምንት ወር ይፈልጋል። ክረምቱ ደግሞ ሰኔ ይገባል።»

ሉባባ ከሣጥኑ ውስጥ አንድ ወፈር ያለ ፑንታ አነሳች። «ሰሌዳው ምን ሆነና ይለወጣል? የተቃጠለው እንደ ወረቀት ስስ ነው። በአሥር ሚሊ ሜትር ፑንታ መልሶ መብሳት ነው። ጥቁሩ ይወጣል፣ ከሥሩ ደኅናው ቀርከሃ ይመጣል፣ ወፍራም ሚስማር ይገባል። በትራፓኖ፣ በእጅ በሚያዘው መብሻ፣ አንድ በረንዳ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።»

«በማን እጅ?»

ሉባባ ወደ መስታወቱ ዞረች። አሥራ አምስቱ ተመልካቾች ተነስተው ቆመዋል። አብዛኞቹ ዕድሜያቸው እንደ እሷ ነው። «ከእናንተ ውስጥ ድሮ ትራፓኖ የያዘ ማነው?» ብላ ጮኸች።

መጀመሪያ አንድ እጅ ወጣ። ከዚያ ሌላ። ስድስት ሆኑ። ሙሉሰው የራሱን እጅ ግማሽ ድረስ አንስቶ አቆመው። «እኔ አላውቅም፤ ግን ፑንታ መሸከም እችላለሁ» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሳቅ ከተሰማ ስንት ጊዜው እንደሆነ የሚያስታውስ አልነበረም።

ናርዶስ የሰው እጅ ሕንፃ እንዲነካ የሚፈቅደውን ወረቀት ለማግኘት እስከ ማግስቱ ደክማለች። ቅጹ ጠፍቶ ነበር፤ ኋላ ላይ ራሷ ጻፈችው።

የእናቶች ማቆያው ሰሌዳዎች በፑንታ ተበስተው ከቀጠሮው ሁለት ቀን ዘግይተው ወጡ። ገጣሚ ማሽኖቹ ሲተክሏቸው ሉባባ አብራ ሄዳ ነበር፤ ሁለት ቋሚ ሳይበሳ ተጭኖ መጥቶ ስለነበር እዚያው በእጅ መብሳት አስፈለገ። ቤቱ ኮረብታ ላይ ነው። ከበረንዳው ሥር ገደል የሚባል ባይሆንም ለወደቀ ሰው የሚበቃ ቁልቁለት አለ።

ተንበርክካ ትራፓኖውን እያዘጋጀች ሳለ ሰዓዳ የምትባል ወጣት፣ ከነፍሰ ጡሮቹ ቀድማ የገባች፣ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ከቃሉ ገጠር በአህያ፣ ከዚያ ሾፌር በሌለው መኪና ነው የመጣችው። የዘጠኝ ወር ሆዷ እንኳን ለእሷ ለሚያያትም ይከብዳል።

«እትዬ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ቀዳዳ።»

«ማሽን የለም እንዴ?»

«አለ። እኔም አለሁ።»

ሰዓዳ ሳቀች። ሉባባ ትራፓኖውን አስነሳች፤ ትንሽ አስገባች፣ አወጣች፣ ትንሽ አስገባች፣ አወጣች። ፍቅፋቂው ነጭ ሆኖ የልጅቷ እግር ሥር ወደቀ። ሚስማሩን ኮላ ቀብታ በእንጨት መዶሻ መታ መታ አደረገችው። የመደገፊያው እንጨት ቦታው ላይ ገባ።

«ወገቤ አልቻለም። ልደገፈው?» አለች ሰዓዳ።

«ቆዪ፣ ኮላው ይጠጣ። አርባ ደቂቃ ነው። እስከዚያ እኔን ተደገፊ።»

ሰዓዳ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ጀርባዋን ለሉባባ ትከሻ ሰጠች። ስለ እናቷ፣ ስለ መንገዱ፣ በሆዷ ውስጥ ስለሚራገጠው አወራች። ልጁ ሲራገጥ ሉባባን በሰዓዳ ጀርባ በኩል ተሰማት።

ጊዜው ሲሞላ ሉባባ መጀመሪያ ራሷ ተነስታ ሙሉ ክብደቷን መደገፊያው ላይ ጣለች። ነቀነቀችው፣ ገፋችው፣ ሳበችው። ከዚያ ዘወር አለችና «ነይ አሁን» አለቻት።

ሰዓዳ ሁለት ክርኖቿን እንጨቱ ላይ ጥላ፣ ሆዷን ወደ ፊት ለቅቃ ከሥሯ የተዘረጋውን አረንጓዴ ማሳ ማየት ጀመረች። ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ሉባባ በዚያን ጊዜ በበረንዳው ሌላ ጫፍ፣ ሁለተኛው ቋሚ ሥር ተንበርክካ ነበር፤ ትራፓኖው እየጮኸ ስለሆነ ትንፋሿን አልሰማችም።